ኮራል በፀጉር ቤት

«ቀለሜ» ሲሏት የሰሙ እንግዶች በተማሪነቷ አንደኛ የምትወጣ ጎበዝ የነበረች ይመስላቸዋል። እሷም አታርማቸውም። እውነቱ ግን ትምህርትና እሷ ገና በጠዋቱ ተኳርፈው የተለያዩ ናቸው። ቀለሜ የተባለችው ፀጉር ቀለም ስለምትቀባ ነው። ከታላቅ እህቷ ጋር በመንገዱ ጥግ ካለው ፎቅ ምድር ቤት በከፈቱት ፀጉር ቤት፣ የሴቱን ሁሉ ፀጉር ቡኒ፣ ወይን ጠጅ፣ ማር፣ ደንበኛዋ ደፋር ከሆነችም እሳት የመሰለ ቀይ አድርጋ ትልካለች። ሁለት ቱቦ ቀለም ቀላቅላ በመስኮቱ ብርሃን ታየውና «ይሄ ደጅ ሲወጣ ሌላ ነው» ካለች ሌላ ነው። የሚከራከራት የለም።

እህቷን ደግሞ ሰፈሩ «እትዬ ካስክ» ይላታል። ካስክ ያ ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ጭንቅላታቸውን የሚከቱበት ማድረቂያ ነው። እትዬ የማንኛውም ችግር መድኃኒት እሱ ይመስላታል። ራሷን ያመማትንም፣ ከአማቷ የተጣላችውንም፣ እንቅልፍ ያጣችውንም «ግቢ ካስክ ውስጥ፣ ይብረድልሽ» ትላለች። እሳት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚበርድ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም፤ ግን ብዙዎቹ ቀልሏቸው ይወጣሉ።

ሁለቱም የሚኖሩት ከፀጉር ቤቱ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ቀለሜ ደግሞ «ለሰው ፀጉር እንጂ ለሰው ጠባይ ቀለም የለኝም» ብላ ትዳሯን ትታ መጣችና አብረው ሆኑ። ሲጨቃጨቁ ውለው ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ፤ አንዷ ከሌለች ግን ሌላዋ እራት አይወርድላትም።

የዓሣው ገንዳ የመጣው ከላይኛው ፎቅ ነበር። እዚያ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሥራ ሊያቆም ዕቃውን ሲያወጣ፣ ተራ ጠባቂዎች ፍርሃታቸውን ይረሱበት የነበረውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ የሚወስድለት አጣ። ዓሦቹ የባሕር ዓሦች ናቸው፤ ጨዋማ ውኃ ካልሆነ አይኖሩም። አንዱ እንደ ሎሚ ቢጫ ነው፣ ሁለቱ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ቀለሜ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማያዊውን አየችው። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ በየትኛውም ቱቦ ገጥሟት አያውቅም።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለች፤ እህቷን ሳትጠይቅ።

እትዬ ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች። «የት ልታስቀምጪው? ጭንቅላቴ ላይ?»

«ከካስኮቹ ፊት ለፊት። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ያንን ያረጀ መጽሔት ከማገላበጥ አይሻልም?»

«ማን ያበላቸዋል?»

«እኔ።»

«ውኃውንስ ማን ይለውጣል?»

«እኔ።»

እትዬ ጥያቄ ሲያልቅባት «ታዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። እንዲህ ስትል ተስማማች ማለት ነው።

ቀለሜም ቃሏን ጠበቀች። ውኃውን በየሳምንቱ ትለውጣለች፣ ጨው ትመጥናለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች። ካስክ የገቡ ሴቶች ዓሣ እያዩ ሰዓቱ ሳይታወቃቸው ያልፋል። እንደዚህ እንዳለ ቢቀጥል ኖሮ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር።

ከገበያው ጀርባ ጌጠኛ ዓሣ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁሉም «የዓሣው ጋሼ» ይሏቸዋል። ቀለሜ የዓሣ ምግብ የምትገዛው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን ስትገባ፣ ጥግ ባለው ገንዳ ውስጥ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ በውኃው የሚወዛወዝ አረንጓዴ ነገር አየች። የጣቶቹ ጫፍ ወደ ሐምራዊ ያደላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን የሚሉት አበባ ነው?»

«አበባ አይደለም፣ ልጄ። ኮራል ነው። እንስሳ ነው።»

«ምን ዓይነት እንስሳ ነው? እግር የለው፣ አፍ የለው!»

«አፍስ ሞልቶታል። እነዚያ አበባ የሚመስሉሽ ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ አፍ ናቸው» አሉና ሳቁ። «ገላው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ እንግዶች አሉት። ብርሃን ሲያገኙ ምግብ ይሠራሉ፤ ባለቤቱንም ይመግቡታል። ቀለሙም ብዙው የነሱ ነው። ብርሃን ካነሳቸው እሱም ይራባል። አንቺ ቤት ያለው መብራት ለዓሣ ይበቃል፤ ለዚህ አይሆንም።»

ቀለሜ የወደደችውን ነገር «ቆይ» ሲሏት የማትሰማ ሴት ናት። በዚያው ቀን ኮራሉን በውኃ በተሞላ ከረጢት አቅፋ፣ እንደ አራስ እየተጠነቀቀች ወደ ቤቷ ገባች።

ጋሼ እንዳሉት ሆነ። አረንጓዴው ቀስ በቀስ ወደ ጭቃ ቡኒ ዞረ። ጣቶቹ ቀጥነው ተመዘዙ፤ ከሰው ኋላ ቆሞ ሰልፍ ለማየት አንገቱን እንደሚያሰግግ ሰው ወደ መብራቱ ተንጠራሩ። ሌላ ሰው ቢሆን «አደገ» ይል ነበር። ቀለሜ ግን የተጎዳ ቀለም ታውቃለች። ጎንበስ ብላ አየችውና «ይሄ ርቦታል» አለች።

የአክስታቸው ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው። አንድ አሮጌ የስፖርት አዳራሽ መብራቱን ሲለውጥ የወረዱ ሁለት ትልልቅ መብራቶች እሱ ዘንድ መኖራቸውን ስለምታውቅ ጠራችው። መብራቶቹን ተሸክሞ መጣ፣ ግን ከመስቀሉ በፊት ገንዳውንም ካስኮቹንም ዞር ዞር ብሎ አየ።

«አንቺ፣ እነዚህ መብራት ብቻ አይደሉም፤ ምድጃም ናቸው» አለ። «ይሄ ቤት ደግሞ መጀመሪያውንም ምድጃ ነው።»

«ስለ ሙቀት ለእኔ ትነግረኛለህ? ዕድሜዬን እሳት ውስጥ ውዬ ለምገባው?»

«የፀጉር ሙቀትና የውኃ ሙቀት አንድ አይደለም። ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመሩም አርጅቷል፤ ይሄን ሁሉ አይችልም።»

«አንተ ስቀል። ለመስመሩ እኔ እጸልይለታለሁ።»

ሰቀላቸው። ሲበሩ የቤቱ መልክ ተለወጠ። የውኃው ሞገድ ጣሪያው ላይ የብርሃን መረብ ሆኖ ይወዛወዝ ጀመር፤ ሰማያዊው ዓሣ የተቀባ መሰለ። ካስክ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እንዳሉ አንገታቸውን አወጡ። ቀለሜ እጇን አጣጥፋ ቆማ «በሉ እንግዲህ» አለች። ደስታዋ ከፊቷ ያስታውቃል።

እትዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንባሯን በፎጣ ትጠርግ ጀመር። «ዛሬ ቀኑ ሞቃት ነው?» ትላለች። በማግስቱም «ዛሬም ሞቃት ነው?» ትላለች። ቀለሜ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ገንዳው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር በየቀኑ ከፍ ማለቱን አይታለች፤ ግን «ይለምዱታል» ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ለወደደው ነገር ምክንያት አያጣም።

ነገሩ የፈነዳው በሙሽራ ቀን ነው።

ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ በጠዋት ገባች። እትዬ ፀጉሯን አጥባ በቢጎዲን ጠቀለለችና ካስክ ውስጥ አስገባቻት፤ ሦስቱን ሚዜዎችም በቀሩት ሦስት ካስኮች አስገባች። ከፊት ለፊታቸው ሁለቱ የአዳራሽ መብራቶች ቦግ ብለው በርተዋል። ከግድግዳው ውስጥ «ጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። መብራቱም፣ ካስኩም፣ ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕም ቆሙ። እትዬ ብሬከሩን ወደ ላይ ብትገፋው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት፤ አልመለስ አለ።

«ፀጉሬ ገና ርጥብ ነው!» አለች ሙሽራዋ።

ቀለሜ ወደ ገንዳው ዞረች። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ይላል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ኮራሉ ጣቶቹን ሰብስቦ ጭብጥ ሆኗል፤ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ቡኒው ሄዶ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። በዚያ ሁሉ ብርሃን ሥር ሆኖ አላስታወቃትም ነበር።

«ዓይንሽን ወደዚህ!» አለቻት እትዬ፤ ሳትጮህ። ሳትጮህ ስትናገር ነው የሚያስፈራው።

ቀለሜ ለአክስቷ ልጅ ደውላ «ና፣ አሁኑኑ» ብቻ አለችው። በአንድ እጇ የገንዳውን ክዳን አንስታ ጣለች፣ በጆግ ውኃውን እየቀዳች ከከፍታ መልሳ አፈሰሰች፤ አየር እንዲያገኝ። ከዚያ ጆጉን ለአንዷ ሚዜ አስያዘቻት። «እህቴ፣ እንደዚህ እያደረግሽ ቀጥይ። እኔ የጓደኛሽን ፀጉር ልያዝ።» ሚዜዋም በሚያምረው ቀሚሷ ላይ ፎጣ ደርባ ጆጉን ያዘች።

ሙሽራዋን በር ላይ ፀሐይ በሚገባበት አስቀመጧት። ሁለቱ ሚዜዎች በመጽሔት ያራግቡላታል፤ እትዬ በደረቅ ፎጣ ዘለላ ዘለላውን እየጨመቀች ትፈታለች። ቀለሜ ሙሽራዋ በፎቶ ያመጣችውን ከፍ ያለ አሠራር ትታ፣ ርጥበቱን እንዳለ ተጠቅማ ወደ አንገቷ የሚወርድ ሞገድ ሠራችላት። ሲያልቅ ሙሽራዋ መስታወት አየች። «ከፎቶው ይሻላል» አለች፤ ሁሉም ተነፈሱ።

የአክስታቸው ልጅ ሲደርስ ሙሽራዋ ሄዳለች። ፓምፑን ከጎረቤት በተሳበ ገመድ አስነሳው። ሎሚ የመሰለው ዓሣ ግን ከታች በጎኑ ተኝቶ ነበር። ቀለሜ የሞተውን በመረብ አወጣችው።

እትዬ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወይ እኔ ወይ እሱ አልልሽም» አለች። «እኔ የትም አልሄድም። እሱ ቢሄድ ደግሞ አንቺ ታኮርፊያለሽ፤ ኩርፊያሽን አልችለውም። ግን እንዲህ አይቀጥልም።»

«አይቀጥልም» አለች ቀለሜ።

ቀለሜ አጥፍታ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። የተበላሸ ቀለም ሲገጥማት አታለቅስም፤ ታጥባለች፣ ለምን እንደተበላሸ ታያለች፣ እንደገና ትቀላቅላለች። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ሁሉ፣ «ተነግሮኝ አልሰማሁም» የሚለውንም ሳትደብቅ አወራቻቸው።

«ነጭ መሆኑ ሞት አይደለም» አሏት። «ሙቀቱና ድንገተኛው ብርሃን ሲበዛበት እነዚያን እንግዶች አባረራቸው። የቀረው እርቃኑ ነው። ካቀዘቀዝሽለት ይመለሳሉ። ግን በረዶ እንዳትወረውሪ! ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በአንዴ ካወረድሽው የተረፈውንም ትጨርሺዋለሽ።»

«በምን ላቀዝቅዘው ታዲያ?»

«በነፋስ። በውኃው ፊት ላይ ትንሽ ቬንትሌተር ይንፈስ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን ውኃ ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ሙዪው። አለበለዚያ ባሕሩን ወጥ ታደርጊዋለሽ። መብራቱን ደግሞ ጣዪው። ኤል ኢ ዲ ይሻልሻል፤ ብርሃኑን ወደ ታች ይሰጥሻል፣ ሙቀቱ ግን በጀርባው ነው የሚወጣው።»

ቀለሜ ይሄን በአንድ ጊዜ ያዘችው። ፀጉር ሲደርቅ የራስ ቆዳ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ዕድሜ ልኳን ስትዳስሰው ኖራለች።

በሚቀጥለው እሑድ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ሥራው ተጀመረ። የአክስታቸው ልጅ ለገንዳው ብቻ የሆነ አዲስ መስመር ከነብሬከሩ ዘረጋ። የእሱን «ብዬሽ ነበር» ሁለቱም እየጠበቁት ነበር፤ እሱ ግን አላለም፣ በፉጨት ዘፈን እያወረደ ሽቦውን ጎተተ። ዝምታው ከነገሩ ይልቅ ቀለሜን ቆጠቆጣት። «በለው እንጂ፣ ይውጣልህ!» አለችው። «ምሳ ካበላሽኝ በኋላ እላለሁ» አላት።

ገንዳውንም ከቦታው አነሱት። ውኃውን በበርሜልና በባልዲ ቀድተው፣ ዓሦቹን በአንዱ፣ ኮራሉን ከነድንጋዩ በሌላው አስቀምጠው፣ ገንዳውን ከካስኮቹ ፊት አርቀው ፀሐይ ወደማይደርስበት በውስጥ በኩል ወዳለው ግድግዳ አዞሩት። እትዬ እጄን አላስገባም ብላ ነበር የጀመረችው። ሲጨርሱ ግን ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ወለሉን እየጠረገችም «ባሕር ዳር ሳልሄድ ባሕሩ መጣልኝ» እያለች ታጉረመርማለች።

አዲሱ መብራት ከውኃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ቀለሜ አበራችው። ከጭላንጭል ብዙም አይሻልም።

«ይሄን ሁሉ ደክመሽ ይሄ ነው?» አለች እትዬ።

«ጉልበቱ አለው። እኔ ነኝ ዝቅ ያደረግሁት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እጨምርለታለሁ።»

«ለምን በአንዴ አትለቂውም?»

«ጥቁር ፀጉር በአንድ ቀን ወርቅ አደርጋለሁ የምትል ባለሙያ ምን ትባላለች?»

እትዬ አሰበች። «መላጣ አውጪ» አለች፤ ከዚያም ሳትወድ ሳቀች።

ሰዓቱንም ቀለሜ በራሷ መላ አመቻቸችው። ደንበኛ የሚበዛውና ካስኮቹ የሚነዱት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መብራቱ ገና ቤቱ ቀዝቃዛ ሳለ በማለዳ እንዲበራ፣ ካስኮቹ ሲጀምሩ ቀስ ብሎ እንዲደበዝዝ አደረገች። ሁለቱ ምድጃዎች በአንድ ሰዓት እንዳይነዱ ማለት ነው። ቬንትሌተሩም ውኃው ሲሞቅ ራሱ የሚነሳ፣ ሲበርድ ራሱ የሚቆም ሆነ። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስድስት ላይ ረግቶ ሲቆም ቀለሜ አላመነችውም፤ ሌላ ቴርሞሜትር አምጥታ ጎን ለጎን ከተተች። ያኛውም ሃያ ስድስት አለ።

ኮራሉ ብዙ አስጠበቃት። መጀመሪያ ጭብጡን ፈታ። ቆይቶ ከሥሩ እንደ አቧራ የቀለለ ቡኒ ጥላ ታየ። ሌላ ሰው አላየውም። ቀለሜ ግን እህቷን እጇን ይዛ ጎትታ «እይ!» አለቻት። እትዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ለረዥም ጊዜ ተመለከተች። «ምንም አላይም» አለች፤ ግን በማግስቱ ቀለሜ ሳታያት ተመልሳ መጥታ አየችው።

ከዚህ በኋላ ነው ቀለሜ ሌላ ከተማ ሄዳ ለፀጉር ሠሪዎች የቀለም ሥልጠና እንድትሰጥ የተጠራችው። ተማሪ ቤትን የጠላች ሴት አስተማሪ ሆና ስትጠራ በደስታም በመደነቅም ሄደች፤ ቀለም እያሳየች፣ እየቀለደች፣ እየገሠጸች ታስተምር ጀመር። ገንዳውን ለእትዬ አደራ ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«አታቋርጪኝ» አለች እትዬ። «እዚህ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ያ ትንሹ ቬንትሌተርሽ ቆሟል። ሃያ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት።»

ቀለሜ የያዘችውን ብሩሽ አስቀመጠች። «መብራቱን አጥፊ፤ ክዳኑን…»

«አታቋርጪኝ አልኩ። መብራቱን አጥፍቻለሁ። ያንን ደንበኞቹ ላይ የሚነፍሰውን ትልቁን ቬንትሌተር አምጥቼ ውኃው ላይ አዙሬዋለሁ። ካስኮቹንም አጥፍቻለሁ።»

ቀለሜ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ስንቱን?»

«ሁሉንም። ዛሬ ካስክ የለም ብያለሁ።»

«ደንበኞቹስ?»

«በፎጣ ይደርቃሉ። አንዷ ላብ በላብ ሆንኩ ብላ አጉረመረመች። አንቺ መሐረብ አለሽ፣ ዓሣው የለውም አልኳት።» ትንሽ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን ሃያ ሰባት ነው። ኮራሉ አልተሰበሰበም። ተዘርግቷል። ውኃም ሞልቼለታለሁ፤ ጨው የሌለበትን።»

ቀለሜ ሠልጣኞቿ ሁሉ እያዩዋት ቆማ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እዚያ ቤት ውስጥ እትዬ በገዛ እጇ ካስክ ያጠፋችበት የሥራ ቀን መኖሩን አታስታውስም፤ የእትዬ ባል የሞተ ሰሞን እንኳ ሳልስቱ ሳይሞላ ተከፍተው ነበር። «እትዬዋ፣ ኑሪልኝ» አለቻት።

«ኑሪልኝ ትተሽ ደህና ቬንትሌተር ግዢ» አለችና እትዬ ስልኩን ዘጋችው።

ዛሬ ኮራሉ የገንዳውን አንድ ማዕዘን ይዟል። አረንጓዴው ተመልሷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ጋሼ ቤት ከነበረውም ይልቅ ሐምራዊ ሆኗል። ጋሼ ራሳቸው ሊያዩት መጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲዞሩት ቆዩና ቁራሽ ለመኗት። ቀለሜ በምላጭ ከአንዱ ጣት ቆርጣ ጠጠር ላይ አሠረችላቸው፤ ይይዛል፣ ያድጋል። ከደንበኞቿም ሁለቱ በየቤታቸው ገንዳ ጀምረው ምክር ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቃቸው መብራታቸውን ሳይሆን ቤታቸው ምን ያህል እንደሚሞቅ ነው።

ሰሞኑን ቀለሜ ሌላ ነገር ጀምራለች። አጥንቱ ድንጋይ የሆነ፣ ብርሃን አብዝቶ የሚፈልግ፣ ጠባዩም የከበደ የኮራል ዓይነት ጋሼ ዘንድ አይታ መጥታለች። ለእህቷ የነገረቻት እራት ላይ ነው።

እትዬ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ስንት ዲግሪ ነው የሚችለው?»

ቀለሜ ነገረቻት።

«በል እንግዲህ» አለች እትዬ፤ ለማን እንዳለችው ባይታወቅም። «እሑድ ያንን የአክስታችንን ልጅ ጥሪው። ምሳ እኔ እሠራለሁ።»